መንኮራኩራችሁ ማርስ ላይ ከተሰበረች፦ ደራሽ እስኪመጣ እንዴት በሕይወት መቆየት ይቻላል

ማርስን የረገጠ ሰው እስካሁን የለም። ሮቦቶች ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲያርፉባት፣ ሲቆፍሯትና አሸዋዋ ውስጥ ተቀርቅረው ሲቀሩ ኖረዋል። ጠፈርተኞችም በምድር ዙሪያና በጨረቃ መንገድ ላይ አየር እየሾለከባቸው፣ መብራት እየጠፋባቸው ተርፈው ተመልሰዋል። ይህ መመሪያ የተቀዳው ከነሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አራት ሰዎች ናችሁ እንበል። መንኮራኩሯ ስታርፍ ተገልብጣለች፤ ሞተሯ ተሰባብሯል፤ ማደሪያ ክፍሏ ግን ቆሟል። ዳግም አትበርም።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ምግብ ነው። ምግብ ግን የወረፋው ጭራ ላይ ነው ያለው። ማርስ ላይ የሚገድል ነገር ሁሉ የራሱ ሰዓት አለው፤ አንዱ በሰከንድ፣ አንዱ በአንድ ቀን፣ አንዱ በሌሊት፣ አንዱ በወራት ይመጣል። ሥራውን በዚያው ተራ ያዙት። የሰከንዱ ሳይዘጋ የወሩ አይነካ።

1. ቀዳዳ ፈልጉ

የማርስ የአየር ግፊት የምድርን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚያ ግፊት ውሃ በሰውነት ሙቀት ይፈላል። በ1966 ጂም ለብላንክ የተባለ የናሳ ባለሙያ ሂዩስተን ውስጥ አየሩ በተመጠጠ ክፍል የጠፈር ልብስ ሲሞክር የአየር ቱቦው ከልብሱ ተነቀለ። በ14 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ራሱን ሳተ። ግፊቱ ተመልሶለት ሲነቃ በመጨረሻ ያስታወሰው ነገር ምላሱ ላይ ያለው ምራቅ መፍላት መጀመሩን ነበር። ስለዚህ ልብሳችሁ ቢቀደድ ያላችሁ አሥር ሰከንድ ብቻ ነው ብላችሁ ተንቀሳቀሱ። ትንፋሻችሁንም አትያዙ፤ የታመቀ አየር ሳንባ ይቀድዳል።

ክፍሉን ስትፈትሹ ሁሉም ዝም ይበል። ማራገቢያዎቹን ለጥቂት ደቂቃ አጥፉና ፉጨት አዳምጡ። ከዚያ ሶፍት በቀጭኑ ቀዳችሁ በበሩ ጎማ፣ በመስኮቱ ጠርዝና ሽቦ ግድግዳ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ አስጠጉት። ወደ ግድግዳው ከተሳበ አገኛችሁት። በ2018 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጋር ተያይዛ የነበረች ሶዩዝ የተባለች አንዲት የሩሲያ መንኮራኩር ላይ የተገኘችው ቀዳዳ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነበረች፤ የደፈኗትም በፋሻ ጨርቅና በኢፖክሲ ማጣበቂያ ነው። የመድኃኒት ሣጥኑን እንግዲህ ለቁስል ብቻ አትቁጠሩት።

ቀዳዳው ካልተገኘ ክፍሉን ራሱን ተዉት። በጁን 1997 ሚር በተባለው የሩሲያ ጣቢያ ላይ የጭነት መንኮራኩር መጥታ ስፔክትር የሚባለውን ክፍል ገጨችው፤ አየርም መሹለክ ጀመረ። ክፍሉን ለመዝጋት ቢሮጡ በበሩ በኩል ሽቦዎች አልፈዋል። ሰዎቹ የሚነቀለውን ነቅለው፣ እንቢ ያለውን ቆርጠው ዘጉት። ከሽቦዎቹ ከፊሉ የሶላር ኃይል የሚያመጣ ስለነበር ጣቢያው ጨለመ፤ ሦስቱም ሰዎች ግን በሕይወት ተመለሱ። ከዚያ የሚቀዳው ሕግ አጭር ነው፦ በበር በኩል ሽቦም ቱቦም አታሳልፉ። የግድ ከሆነ መቁረጫውን እዚያው በሩ ላይ አንጠልጥሉት።

2. ትንፋሻችሁን አጣሩ

ሰው የሚፈራው የኦክስጅን ማለቅን ነው። ቀድሞ የሚደርሰው ግን ራሳችን የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ሰው በቀን 1 ኪሎ ገደማ ያስወጣል፤ ይህም በክፍል ውስጥ የግማሽ ሜትር ኪዩብ ያህል ቦታ ይይዛል። አራት ሰው 50 ሜትር ኪዩብ በሚሆን ክፍል ቢዘጋበት በ24 ሰዓት ውስጥ 4 በመቶ ይደርሳል። በዚያው ጊዜ ኦክስጅኑ የሚወርደው ከ21 ወደ 16 በመቶ ነው። 16 በመቶ ያስደነግጣል እንጂ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ሳንባችን በየቀኑ ከሚያገኘው ብዙም አይለይም። 4 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ጭንቅላት ይፈልጣል፣ ያስለከልካል፣ ሲቆይም ማሰብ ያቅታል። ማሰብ ያቃተው ሰው ደግሞ የቀሩትን እርምጃዎች በሙሉ ያበላሻል።

በኤፕሪል 1970 የአፖሎ 13 ሦስት ሰዎች የገጠማቸው ይኸው ነበር። ዋናዋ መንኮራኩር ኦክስጅን ጋኗ ፈንድቶ ስትዳከም ለሁለት ሰው ተብላ ወደተሠራችው የጨረቃ ማረፊያ ተሸጋገሩ። ኦክስጅኑ ይበቃ ነበር፤ ማጣሪያው ግን አልበቃም። ትርፍ ማጣሪያ ዋናዋ ውስጥ ሞልቷል፤ እሱ አራት ማዕዘን፣ የማረፊያዋ መግጠሚያ ደግሞ ክብ። ምድር ላይ ያሉ መሐንዲሶች ጠፈርተኞቹ በእጃቸው ያለውን ብቻ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉና አሠራሩን በሬዲዮ አነበቡላቸው፦ የፕላስቲክ ከረጢት በማጣሪያው ላይ አልብሱ፣ የመመሪያ ደብተር ሽፋን ካርቶን ቅስት አድርጋችሁ ደግፉት፣ የጠፈር ልብሱን ቱቦ ሰኩበት፣ ዙሪያውን በፕላስተር ጠቅልሉ። ሠራ።

እናንተም መጀመሪያ ማጣሪያዎቹን ቁጠሩ፤ በክፍሉ ያለውን፣ በጠፈር ልብሶቹ ያለውን፣ በተሽከርካሪው ያለውን። የማይገጥመውን የሚያገጥም ነገር ዛሬውኑ፣ ጭንቅላታችሁ ጤነኛ ሳለ ሥሩ። ከዚያ በኋላ ሰው ራሴን አመመኝ ካለ ክኒን ከመስጠታችሁ በፊት መለኪያውን ተመልከቱ። ያለ ምክንያት ጭቅጭቅ ከተነሳም እንደዚያው።

ኦክስጅኑን ራሱን ከማርስ አየር ማውጣት ይቻላል። አየሩ 95 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ፐርሰቪራንስ በተባለችው ሮቨር (ተሽከርካሪ ሮቦት) ላይ የተጫነው ሞክሲ የተሰኘ መሣሪያ ከ2021 እስከ 2023 እስከ 800 ዲግሪ ድረስ እያሞቀ 16 ጊዜ ሠርቶ በድምሩ 122 ግራም ኦክስጅን አውጥቷል፤ በጥሩ ቀኑ በሰዓት 12 ግራም። አንድ ሰው በሰዓት 35 ግራም ያህል ይፈልጋል። ለአንድ ሰው ሦስት፣ ለአራት ሰው አሥራ ሁለት እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ሌት ተቀን መሥራት አለበት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማምረቻ ይዛችሁ ካልመጣችሁ ፍርስራሹ ላይ ካሉት ጋኖች ውስጥ ያልፈሰሰውን ቅዱ።

3. ለሌሊቱ ኃይል አስቀምጡ

ማርስ ላይ የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን ምድር አካባቢ ካለው 43 በመቶ ነው። ወገቧ አካባቢ ቀትር ላይ 20 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች 70 እና ከዚያ በላይ ይወርዳል። ኃይላችሁን በዚህ ተራ መድቡ፦ ማጣሪያና ማራገቢያ፣ ማሞቂያ፣ ሬዲዮ፣ የቀረው ሌላው ሁሉ። አራታችሁም አንድ ክፍል ውስጥ ተኙ።

ጠላታችሁ አቧራው ነው። ኦፖርቹኒቲ የተባለችው ሮቨር ከ14 ዓመት በላይ ሠርታ የጠፋችው በጁን 2018 አቧራው ፕላኔቷን ሸፍኖ ፀሐይ ስለከለከላት ነው። ኢንሳይት የተባለችው ማረፊያም በ2022 መጨረሻ ሶላሯ ላይ በተከማቸ አቧራ ሞተች። ሁለቱም ያጡት መጥረጊያ የያዘ እጅ ነው፤ እናንተ እጅ አላችሁ። በየጠዋቱ አንድ ሰው ወጥቶ ሶላሩን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረግ። ከመግባቱ በፊት ደግሞ ልብሱን በደንብ ያራግፍ። የማርስ አፈር ፐርክሎሬት የሚባል ጨው አለበት፤ ሰውነት ከገባ የታይሮይድ ዕጢን ሥራ ያውካል።

በዚሁ አጋጣሚ የእጅ ሰዓታችሁን ፍቱት። የማርስ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ተኩል ነው፤ በምድር ሰዓት ከኖራችሁ በ18 ቀን ውስጥ ቀትሩ እኩለ ሌሊት ላይ ይመጣባችኋል። የሮቨር ሠራተኞች ካሊፎርኒያ ሆነው በማርስ ሰዓት ሲኖሩ ያዩት መከራ ይኼ ነው። ፀሐይ ስትወጣ አንድ ብሎ መቁጠር የለመደ ሐበሻ እዚህ ላይ ትንሽ ይቀለዋል።

4. የት እንዳላችሁ አሳዩ

ሬዲዮው ከሠራ ወደ ምድር በቀጥታ ከመጮህ ማርስን የሚዞሩትን ሳተላይቶች ጥሩ፤ አጭር አንቴናና ትንሽ ኃይል ይበቃቸዋል፣ መልእክቱን እነሱ ያሻግሩታል። አንድ ቃል ምድር ለመድረስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። እንደ ስልክ አታውሩ፤ እንደ ደብዳቤ ጻፉ። ማን ተጎዳ፣ ስንት ማጣሪያ ቀረ፣ ስንት ኪሎ ምግብ አለ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ምንድን ነው፤ ሁሉንም በአንድ መልእክት። በየ26 ወሩ ፀሐይ ከማርስና ከምድር መሐል ስትገባ ለሁለት ሳምንት ያህል ግንኙነት ይቋረጣል። ቀኑን አስቀድማችሁ ጻፉት፤ ዝምታው ሲመጣ ተስፋ የሚቆርጥ እንዳይኖር።

ሬዲዮው ከሞተ መሬቱ ላይ ጻፉ። ቢግል 2 የተባለችው የብሪታንያ ማረፊያ በዲሴምበር 2003 ድምፅዋ ጠፍቶ ተከስክሳለች ተብላ ነበር። በ2015 ከላይ የተነሳ ፎቶ ላይ ቁጭ ብላ ተገኘች፤ ሶላሮቿ ሁሉም ስላልተዘረጉ አንቴናዋ ታፍኖ ኖሯል። ስፋቷ ከ2 ሜትር አይበልጥም። ያነሳት ካሜራ አንዱ ነጥብ መሬት ላይ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ፊደላችሁ አሥር ሜትር፣ የመስመሩ ውፍረትም ከአንድ ሜትር በላይ ይሁን። ድንጋይ መደርደር አያስፈልግም። የላይኛውን ቀላ ያለ አቧራ ብትጠርጉ ሥሩ ብዙ ቦታ ጠቆር ይላል፤ የሮቨሮች ጎማ ዱካ ከላይ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ነፋሱ ሲሸፍነው እንደገና ጥረጉት።

5. ውሃ

የማደሪያው ማጣሪያ ከሽንትና ከእንፋሎት ውሃ የሚመልስ ከሆነ እሱን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት፤ የጠፈር ጣቢያው 98 በመቶውን መመለስ ችሏል። ውሃ ለመቆጠብ ብላችሁ ግን መጠጣት አታቁሙ። የአፖሎ 13 ሰዎች በቀን አንድ ትንሽ ብርጭቆ ብቻ እየጠጡ ቆጠቡ፤ አንደኛው፣ ፍሬድ ሄይስ፣ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ይዞት ትኩሳት እያንቀጠቀጠው ነው የደረሰው። የነሱ ጉዞ ቀናት ነበር፤ የናንተ ዓመታት ነው።

ያረፋችሁት ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ ከሆነ በረዶ ከእግራችሁ ሥር አለ። ፊኒክስ የተባለችው ማረፊያ በ2008 ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስትቆፍር ነጫጭ ቁርጥራጮች ወጡ፤ በአራት ቀን ውስጥ ሳይቀልጡ እንዲሁ ተነው ጠፉ። ጨው ሳይሆን በረዶ መሆኑ የታወቀውም በመጥፋታቸው ነው። ስለዚህ የቆፈራችሁትን ወዲያው ክዳን ባለው ዕቃ ክተቱ። ውስጥ ስታሞቁት የሚተነውን ውሃ በቀዝቃዛ ቆርቆሮ ላይ ያዙት፤ ፐርክሎሬቱ ከአፈሩ ጋር ከታች ይቀራል። አፈር የነካውን ውሃ ሳታተኑ አትጠጡ። ወገቧ አካባቢ ካረፋችሁ ግን በአካፋ የሚገኝ በረዶ አትጠብቁ፤ ጉልበታችሁን ለማጣሪያው አውሉት።

6. ስንቅና ጨረር

አሁን ምግብ። ያለውን በሙሉ አውጡ፣ በካሎሪ ቁጠሩ፣ ለረጅሙ ጊዜ አካፍሉ። ረጅሙ ጊዜ ስንት ነው? ምድርና ማርስ ለጉዞ የሚመቹት በ26 ወር አንዴ ነው፣ ጉዞው ደግሞ ከ6 እስከ 9 ወር ይፈጃል። መስኮቱ ትናንት ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሊጠጋ ነው። ድንች ለመትከል የሚያስብ ይኖራል። ለአንድ ሰው በቀን 2,500 ካሎሪ ከድንች ብቻ ለማግኘት ከ3 ኪሎ በላይ ያስፈልጋል፤ አፈሩም ከፐርክሎሬት ካልታጠበ አይሆንም። ዋናው ተስፋችሁ ከምድር ቀድሞ የሚላክ ሰው የሌለበት የጭነት መንኮራኩር ነው፤ በሬዲዮ የምትጨቀጭቁትም ለእሱ ይሁን።

ኩሪዮሲቲ ሮቨር መሬት ላይ የለካችው ጨረር በቀን 0.6 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ ምድር ላይ ሰው በአማካይ በዓመት የሚያገኘውን እዚያ በአራት ቀን ታገኛላችሁ። በወረፋው መጨረሻ የሚመጣው ይህ ነው። ኦክስጅንና ጉልበት ሲተርፍ አፈር በከረጢት እየሞላችሁ መኝታው በኩል ያለውን ግድግዳና ጣሪያ ደርቡ።

7. ለደራሹ ማረፊያ አዘጋጁ

ደራሹ መንኮራኩር እናንተ ደጃፍ እንዲያርፍ አትለምኑ። በኖቬምበር 1969 አፖሎ 12 ጨረቃ ላይ ያረፈችው ቀድሞ ካረፈችው ሰርቬየር 3 ከተባለች ሮቦት ከ200 ሜትር ባነሰ ርቀት ነበር። ከሰርቬየር ተነቅለው የመጡት ዕቃዎች ሲመረመሩ የሞተሩ ነፋስ ባስነሳው አሸዋ ተፍቀው ተገኙ። ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር የራቀ፣ ሜዳ የሆነ፣ ትልልቅ ድንጋይ የሌለበት ቦታ ምረጡ፤ በመሐላችሁ ጉብታ ቢኖር ይመረጣል። አራት ማዕዘኑን አቧራ በመጥረግ ምልክት አድርጉበትና በሬዲዮ አስመዝግቡ። የሚያርፍበት ቀን ሲደርስ ሶላሮቹን ሸፍኑ፣ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ውስጥ ቁጭ በሉ። ሞተሩ መጥፋቱን አብራሪው በሬዲዮ ሳይነግራችሁ በሩን አትክፈቱ።