«ከሰው ከለመደ ማን ግቢዬን ይጠብቃል?» የሚል ባለ ውሻን ወደ ሥልጠና ማምጣት

ደብረ ብርሃን ላይ ውሻ ያለውን ሰው «ለምን እሁድ ሜዳ ይዘኸው አትመጣም?» ብትሉት መልሱ ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። «ከሰው ከለመደማ ማን ይጠብቃል?» ይላል። ወይም «ውሻ ደግሞ ምን ትምህርት ያሻዋል!» ይላል። ወይም ይስቅና ወሬ ይቀይራል። ከባዱ የሚስቀው ነው፤ ከሳቁ ሥር ያለው እፍረት ነውና። ዓመት ሙሉ ታስሮ የኖረ ውሻ ገመድ ለመደ ማለት አይደለም። ባለቤቱ ሰው ፊት ውሻው ሲጎትተው መታየቱን ይፈራል። አንደኛው መልስ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ማየት ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ማንም ሳያየው መሞከር ይፈልጋል።

ሥልጠና ስንል አንድ የሚያውቅ ሰው አራት አምስት የሰፈር ውሾችን ከነባለቤቶቻቸው ለ40 ደቂቃ የሚያለማምድበትን ማለታችን ነው። የሚማረውም በአብዛኛው ባለቤቱ ነው፤ ይህን ግን ለራሱ አትንገሩት።

ውሻው ሰው በነከሰ ሰሞን አትሂዱ። በነከሰበት ቀን ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ የተነከሰውን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወዲያው ጤና ተቋም ማድረስ፣ ውሻውን አስሮ 10 ቀን መከታተል። ስለ ሥልጠና የምትናገሩት ሁሉ ያኔ ክስ ይመስላል። ነገሩ ከበረደ በኋላ ቡና ሲፈላ ብቻችሁን ሂዱ። ሦስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ሽማግሌ የተላከበት ይመስለዋል፤ ውሻውንም እንደ ልጁ ይከራከርለታል።

አጀማመር ላይ «ጋሼ፣ ውሻዎ ልጆቹን አስቸገረ» አትበሉ። ይልቅ «ጋሼ፣ ሌሊት ለጅብ ሲጮህና ለሰው ሲጮህ ይለይልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። ላለፈ ላገደመው ሲጮህ የሚያድር ውሻ ሌባ አጥር ሲዘልም ድምፁ ያው ነው፤ ቤተሰቡም ለምዶት ተኝቶ ያድራል። «በቃ» የሚለውን የተማረ ውሻ ግን ባለቤቱ ወጥቶ አይቶ «በቃ» ሲለው ይተዋል። አልተው ያለ ዕለት ባትሪ ይዞ ዞር ማለት ነው። ግቢ መጠበቅ ከውሻው ተፈጥሮ ነው፣ በሥልጠና አይጠፋም፤ የሚጨመርለት ማቆም ብቻ ነው። በርበሬ ማብላትና ጆሮ መቁረጥም አያጀግኑትም፤ ያሳምሙታል እንጂ። ይህንንም ቢሆን ለሁለተኛው ቡና አቆዩት።

ወሬው ብቻ አያመጣውም። ኪሳችሁ ውስጥ ባቄላ ባቄላ የሚያካክል 20 ያህል ቁራጭ የተቀቀለ ሳንባ ይኑር። እናንተ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ የሚሠራው ባለቤቱ ይሁን። የውሻውን ስም አንዴ ብቻ ይጥራ፣ ዞር ባለበት ቅጽበት አንድ ቁራጭ ይስጠው። ይህን አምስት ጊዜ። ቀጥሎ ቁራጯን በጣቶቹ መካከል ይዞ ከአፍንጫው ጫፍ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ግንባሩ አቅጣጫ ይውሰዳት። አፍንጫው እጁን ሲከተል ቂጡ መሬት ይነካል፤ በነካበት ቅጽበት ይስጠው። እጁን ከፍ ካደረገ ውሻው ይዘላል፤ የሚያፈገፍግ ከሆነ ጀርባውን ለግድግዳ አድርጎ መሞከር ነው። «ቁጭ» የሚለው ቃል የሚገባው ውሻው ስምንት አሥር ጊዜ በእጅ ብቻ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተነገረ ውሻው ቃሉን ከምንም ጋር ሳያያይዘው ይለምደውና መናቅ ይጀምራል። ከአምስት ደቂቃ አትለፉ፤ ጥሩ በሆነበት ላይ አቁሙ። ባለቤቱ ልጆቹን ጠርቶ «ኑ፣ እዩት!» ካለ ግማሹ አልቋል። ውሻው በራሱ ባለቤት ላይ የሚያጉረመርም ወይም ድርቅ ብሎ የሚያፈጥ ከሆነ ግን ይህን አትሞክሩ፤ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይየው።

ስለ ሳንባው አንድ ነገር። በግ በሚታረድበት አገር ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። ያ የውኃ ከረጢት የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው፤ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድግና እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ያበቅላል። ከረጢት የታየበትን ቅበሩት፤ ደህና የሚመስለውም ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፍላ። በጾም ሥጋ ቤት ከመዘጋቱ በፊት ቀቅሎ ማድረቅ ይቻላል። ድስቱን የማይፈቅዱ እማወራ ስላሉ የውሻውን ጣሳ ለይታችሁ ያዙ፤ በዚህ ሰበብ የቀረ ሥልጠና አለ። ለተራበ ውሻ ወጥ ያልነካው ድርቆሽም ይበቃል። ሽንኩርት ግን ለውሻ መርዝ ነው።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት የቤት ሥራ ስጡት። ሁለት ሜትር ገመድና ሁለት ጣት የሚያስገባ የአንገት ማሰሪያ፣ በቀን 10 ደቂቃ፣ ግቢ ውስጥ ብቻ። ገመዱ ሲወጠር ባለቤቱ ይቆማል፣ ሲላላ ይራመዳል። ቤተሰቡም በአንድ ቃል ይስማማ። አባት «ና»፣ እናት «ነይ»፣ ልጆቹ ፉጨት ከሆነ ውሻው ሦስት ቋንቋ ተማር ተባለ ማለት ነው። ደግሞ «ና» ብሎ ጠርቶ መምታት ወይም ወዲያው ማሰር ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ መምጣት መዘዝ እንዳለው ያስተምረዋል። ሲያጉረመርም መምታትም ማጉረምረሙን ይገድላል፣ መንከሱ ግን እንዳለ ይቀራል፤ ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ የሚወጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያውን እሁድ ያለ ውሻ ጥሩት። «እንዲሁ ቆመው ይዩ» ማለት እፍረቱን ግማሽ ያቀልለታል። በሁለተኛው ውሻውን ሲያመጣ ጠዋት አይመግበው፣ ከሌሎቹ 10 ሜትር ይራቅ፣ የፈለገ ጊዜ ይሂድ። ሜዳው የበግ መንገድ አይሁን። ደጋው ላይ በታኅሣሥና በጥር ውርጩ እስኪለቅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አትጥሩት፤ ቆላው ሸዋ ሮቢት ከሆነ ግን በዚያ ሰዓት ፀሐዩ ስለሚጀምር ከ1 ሰዓት በፊት መጀመር ነው።

ያልተከተበ ውሻ ሜዳ አይግባ። የእብድ ውሻ ክትባት ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ከሆነ አንድ ወር መጠበቅ ነው። መንዝ ጓሳ አካባቢ ላለ ሰው ይህ ራሱ ማሳመኛ ነው። ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፣ ጓሳውን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ሲጠብቀው የኖረ ነው።

ሕግ ካነሳችሁ መጨረሻ ላይ ይሁን፣ በወሬ መሐል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ ከእጁ አምልጦ ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። ቀድማችሁ ካነሳችሁት ዛቻ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሆኖ «አይሆንም» ካለ ክትባቱን ብቻ ለምኑትና ውጡ። ወይም ውሻውን ማን እንደሚያበላው ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ውሻው የሚሰማው የሚያበላውን ነውና የሚያበላው አዋቂ የሆነ የቤት ልጅ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ እሱን ውሰዱ። አባትየው በሦስተኛው እሁድ ሜዳው ዳር ቆሞ ካያችሁት ገመዱን ለእሱ አትስጡት፤ ልጁ ይስጠው።