የሐሞት ከረጢት ጠጠርን ከጨጓራ ሕመም እንዴት መለየት ይቻላል?

የሐሞት ከረጢት በጉበት ሥር ሆኖ ቅባትን ለመፍጨት የሚረዳውን ሐሞት ያጠራቅማል፤ በሐሞቱ ውስጥ ኮሌስትሮል ሲበዛ ወይም ከረጢቱ በሚገባ ሳይጨመቅ ሲቀር ጠጠር ይፈጠራል። ብዙ ሰዎች ጠጠሩን ይዘው ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ።

ሕመሙ ሲመጣ ግን በአገራችን ብዙውን ጊዜ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ከእምብርት በላይ ወይም በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ተነሥቶ ወደ ቀኝ ትከሻ ወይም ወደ ጀርባ የሚዛመት፣ ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ ከተበላ በኋላ አንዳንዴም ሌሊት የሚቀሰቀስ፣ ከ30 ደቂቃ እስከ ጥቂት ሰዓታት የሚዘልቅ ሕመም ከሆነ፣ የጨጓራ መድኃኒት ከመደጋገም ሐኪም ዘንድ ቀርቦ የሆድ አልትራሳውንድ መነሣት ይሻላል። ከ6 ሰዓት በላይ የማያባራ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካለ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ምልክት የሌለው ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። የሚመላለስ ሕመም ካለ ከረጢቱ ራሱ፣ በአብዛኛው በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚከናወን ቀዶ ሕክምና፣ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይፈስሳል። የሎሚና የዘይት ውሕድ ጠጠር ያስወጣል የሚባለውን አይመኑ፤ ከሰገራ ጋር የሚታየው እንክብል አብዛኛውን ጊዜ ከዘይቱ የተሠራ ሳሙና መሰል ነገር ነው።