ሳይት ላይ ሥራ ለምትጀምሩ

ካዛንቺስ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ሰሞኑን ሕንፃ ሥራ ለምትገቡ፦ ሄልሜት፣ ጓንትና ቦት ጫማ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ በአግባቡ መጠቀሙ ደግሞ የእናንተ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁለቱንም ይዟል። «ይሞቃል» ብሎ ሄልሜቱን ሚስማር ላይ ሰቅሎ መዋል አያዋጣም።

ከሁሉ የሚረሳው ማሳወቅ ነው። የመወጣጫው እንጨት ማሰሪያ ላልቶ ወይም የሲሚንቶ ማደባለቂያው የኤሌክትሪክ ገመድ ተልጦ ካያችሁ ወዲያው ለፎርማኑ ንገሩ። «አዲስ ነኝ፣ ምን አገባኝ» አይሠራም፤ ጉድለት ማሳወቅም በሕጉ የሠራተኛው ግዴታ ነው። ቢቆጣ ይቆጣ።

ሚስማር ከወጋችሁም በጨርቅ ጠምጥማችሁ አትለፉት፤ ዕለቱን አስመዝግቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከሳምንት በኋላ ሲያመረቅዝ «ሥራ ላይ ነው የወጋኝ» ብሎ ማስረዳት ጣጣ ነው። ደግሞ በባዶ ሆድ መወጣጫ ላይ አትውጡ፣ ራስ ያዞራል።