ነፃ የድምፅ መጽሐፍ አውርዶ ፍላሽ ላይ እስከ መጫን፦ ለኮምፒውተር ጀማሪዎች

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አውቶቡሱ ጊቤን ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ወልቂጤን አልፎ እስኪገባ ድረስ የአንድ መካከለኛ መጽሐፍ ግማሽ ይደመጣል። ቤት ውስጥም ቢሆን ቡና ሲለቀም ወይም ልብስ ሲተኮስ እጅ እንጂ ጆሮ ሥራ የለውም። ትረካ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርክ ሥራ አቁሞ ያዳመጠ ትውልድ አለ። ልዩነቱ አሁን ሰዓት ጠብቆ ሬዲዮ መክፈት ቀርቶ መጽሐፉን ጠቅልሎ ወደ ቤት መውሰድ መቻሉ ነው።

ማውረዱ ራሱ ሦስት ጠቅታ ነው። ጀማሪ የሚቸገረው ካወረደ በኋላ ነው፦ ፋይሉ የት ገባ? ለምን አንድ ምዕራፍ ብቻ ተጫውቶ ቆመ? ፍላሹ ላይስ ለምን ምዕራፍ ሰባት ከምዕራፍ አንድ ቀደመ? ስለዚህ የሚበዛው ጽሑፍ እዚያ ላይ ነው።

1. ከየት ይወርዳል

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ሊብሪቮክስን የሚያህል የለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው፤ የቅጂ መብታቸው ያለቀ መጻሕፍትን ሰዎች ያለ ክፍያ እያነበቡ ይቀርጻሉ። ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም፣ የይለፍ ቃል የለም። አድራሻውን ብራውዘሩ አናት ላይ ሲጽፉ ፊደሎቹ ኤል፣ አይ፣ ቢ፣ አር፣ አይ፣ ቪ፣ ኦ፣ ኤክስ ናቸው፤ ከዚያ ነጥብ፣ ከዚያ ኦ፣ አር፣ ጂ። አብዛኛው መጽሐፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ እንግሊዝኛ ጆሯቸውን ለሚያሠለጥኑ ተማሪዎች ሁለት ጥቅም አለው፤ የብዙዎቹ ጽሑፍ ጉተንበርግ በሚባለው ነፃ የመጻሕፍት ክምችት ውስጥ ስለሚገኝ እያዩ ማዳመጥ ይቻላል።

የአማርኛ ልቦለድ ፍለጋ እዚያ መግባት ግን ድካም ነው። የአማርኛ ትረካ በብዛት ያለው ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ነው። እዚህ ላይ «በነፃ ተገኘ» እና «በነፃ ተፈቀደ» ይለያያሉ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ድርሰት መብት ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ትረካው ከደራሲው፣ ከአሳታሚው ወይም ፈቃድ ካለው ተራኪ ገጽ ከሆነ ችግር የለም፤ ስሙ በማይታወቅ ቻናል ላይ ተቆራርጦ የተለጠፈ ከሆነ ግን ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው።

ጎግል ላይ «ነፃ የድምፅ መጽሐፍ» ብሎ ጽፎ የመጣውን ሁሉ መክፈት አይመከርም። እንዲህ ያሉ ገጾች ላይ «ዳውንሎድ» የሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። የድምፅ መጽሐፍ ፋይል ስም መጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ ኤምፒ3 ወይም ኤም4ቢ ነው፤ ብዙ ሲሆን ደግሞ በዚፕ ታስሮ ይመጣል። መጨረሻው ኢ፣ ኤክስ፣ ኢ ከሆነ መጽሐፍ ሳይሆን ፕሮግራም ነው፤ ሳይከፍቱ ያጥፉት። ዊንዶውስ የስሙን መጨረሻ ስለሚደብቅ ፎልደር ከፍተው «ቪው» ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። ይህን አንድ ጊዜ ማስተካከል ከብዙ ጣጣ ያድናል።

2. መጠኑን ማወቅ

የመጽሐፉ ገጽ ላይ ርዝመቱና የዚፑ መጠን ተጽፏል፤ ፓኬጅ ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡት። ካልተጻፈ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ሆኖ የተቀረጸ ድምፅ (ቁጥሩ የድምፁን ጥራት ያሳያል) በሰዓት ወደ 29 ሜጋባይት ይወስዳል፣ በ128 ኪሎቢት ደግሞ ወደ 58። የአሥር ሰዓት መጽሐፍ በመጀመሪያው 290፣ በሁለተኛው 580 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ለንግግር 64 ይበቃል። ሙዚቃ ስላልሆነ በስልክ ማዳመጫ ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም፤ በ128 ማውረድ ፓኬጅ ማባከን ነው።

ከማውረድዎ በፊት የአንዱን ምዕራፍ ሁለት ደቂቃ እዚያው ገጹ ላይ ያዳምጡ። አንባቢዎቹ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ አንዱ እንደ ተዋናይ ያነባል፣ ሌላው እንቅልፍ ያመጣል። አንዳንዱ መጽሐፍ ደግሞ በየምዕራፉ አንባቢ ይቀያየርበታል።

3 እና 4. ማውረድና ፋይሉን ማግኘት

ኔትወርኩ ጥሩ ከሆነ «ሆል ቡክ» የሚለውን ዚፕ ይጫኑ። ኔትወርኩ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ወይም እንደ ክረምቱ መብራት ሄድ መጣ የሚል ከሆነ፣ በምዕራፍ በምዕራፍ ያውርዱ፦ የምዕራፉ ስም ላይ ራይት ክሊክ (የማውሱን የቀኝ ቁልፍ መጫን)፣ ከዚያ «ሴቭ ሊንክ አዝ»። ያሰለቻል፤ ቢሆንም 280ኛው ሜጋባይት ላይ የተቋረጠ ዚፕ ብዙ ጊዜ ከዜሮ ስለሚጀምር አሰልቺው መንገድ ይረክሳል። የሌሊት ፓኬጅ ካሰቡ *999# ላይ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት አንብበው ይግዙ።

ላፕቶፑን በስልክ ሆትስፖት የሚያገናኙ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድመው ያድርጉ። ዊንዶውስ ዋይፋይ ሲያገኝ ያልተገደበ መስመር መስሎት የራሱን አፕዴት ከጀርባ ማውረድ ይጀምራል፤ መጽሐፉ ሳይጨርስ ፓኬጁ ያልቃል፣ ሰውም «መጽሐፉ በላብኝ» ይላል። «ሴቲንግስ» ውስጥ የተገናኙበትን ዋይፋይ ከፍተው «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ።

የወረደው ፋይል «ዳውንሎድስ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። ክሮም ላይ ኮንትሮልና ጄን አብረው ሲጫኑ የወረዱት ይዘረዘራሉ፤ ከዚያ የፎልደሯን ምልክት ይጫኑ። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ «ሲአርዳውንሎድ» የሚል ካለ ገና አላለቀም፤ ቢገለብጡትም አይጫወትም።

ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ወይም መርካቶ ካለ ኢንተርኔት ካፌ የሚያወርዱ ሰዎች ፋይሉ የሚቀመጠው በካፌው ኮምፒውተር ላይ መሆኑን አይርሱ። ብዙ ካፌዎች ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲደረግ ሁሉን ነገር ወደ ነበረበት የሚመልስ ፕሮግራም ጭነዋል። «ነገ መጥቼ እጨርሳለሁ» ያሉት መጽሐፍ ነገ የለም። በዚያው ቀን ፍላሽ ላይ ገልብጠው ይውጡ።

5. ዚፑን መፍታት

ዚፕ አፉ የተሰፋ የቡና ጆንያ ነው፤ ሳይፈታ አይቆላም። ችግሩ ዊንዶውስ ጆንያውን ሳይፈታ ውስጡን የሚያሳይ መሆኑ ነው። ዚፑን ሁለቴ ሲጫኑት ልክ እንደ ፎልደር ይከፈትና ምዕራፎቹ ተደርድረው ይታያሉ። አንዱን ሲጫኑትም ይጫወታል። ጀማሪ እዚህ ጋ ጨረስኩ ይላል። ምዕራፉ ሲያልቅ ግን ቀጣዩ አይመጣም፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ ያን አንድ ፋይል ብቻ ለጊዜው አውጥቶ ነው ለማጫወቻው የሰጠው። ያው ዚፕ ፍላሽ ላይ ቢገለበጥና ሬዲዮ ላይ ቢሰካ ደግሞ ሬዲዮው ምንም አያገኝም።

ትክክለኛው አፈታት ይህ ነው። ዚፑን ሳይከፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ ራይት ክሊክ ያድርጉና «ኤክስትራክት ኦል» ይምረጡ። የት ይቀመጥ ብሎ ይጠይቃል፤ «ብራውዝ» ብለው «ሚዩዚክ» ፎልደርን ይስጡት፣ ከዚያ «ኤክስትራክት»። የተፈታው መጽሐፍ ራሱን የቻለ ቢጫ ፎልደር ሆኖ ይቀመጣል። ዚፑም ቢጫ ፎልደር ስለሚመስል ሁለቱ ይምታታሉ፤ ዚፑ ላይ የልብስ ዚፕ የመሰለ መስመር አለ፣ በተፈታው ላይ የለም።

ሲፈታ መሀል ላይ ስህተት ካለ አብዛኛውን ጊዜ ዚፑ ሙሉ ሆኖ አልወረደም ማለት ነው። መጠኑን ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ፤ የሚያንስ ከሆነ እንደገና ከማውረድ ሌላ መፍትሔ የለውም። በትክክል ከተፈታ የመጀመሪያውን፣ የመሀሉንና የመጨረሻውን ምዕራፍ ለጥቂት ሰከንድ ያጫውቱና ዚፑን ያጥፉት። ካልጠፋ አንዱ መጽሐፍ የሁለት ቦታ ይይዛል።

6. ማዳመጥ

ቪኤልሲ የሚባለውን የማጫወቻ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ይጫኑ። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። የመጽሐፉን ፎልደር እንዳለ ጎትተው ቪኤልሲ ላይ ከጣሉት ምዕራፎቹ በተራ ይጫወታሉ። ተራኪው ከፈጠነብዎ የግራውን ማዕዘን ቅንፍ ይጫኑ፣ ከዘገየብዎ የቀኙን፤ የእኩል ምልክቱ ወደ መደበኛው ፍጥነት ይመልሳል። እንግሊዝኛ ለሚለማመድ ሰው ትንሽ ማዘግየት ከመዝገበ ቃላት ይበልጣል። አልት ይዘው የግራ ቀስቱን ሲጫኑ አሥር ሰከንድ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንድ ቃል ሲያመልጥዎ የሚደጋገሙት እሱን ነው።

ያቆሙበትን ቦታ እንዲያስታውስ በሴቲንግ ማስተካከል ይቻላል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩን ሌላ የቤተሰብ አባል ከተጠቀመበት ዋስትና የለውም። የምዕራፉን ቁጥርና ደቂቃውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ በማግስቱ ኮንትሮልና ቲን ተጭነው ደቂቃውን ይስጡት።

7. ወደ ፍላሽ ማዛወር

ሱቅ ውስጥ ያለች ፍላሽ የምትቀበል ሬዲዮ፣ የመኪና ቴፕ፣ የቤት ስፒከር፤ ሁሉም የሚወዱት ኤምፒ3ን ነው። ኤም4ቢ ለስልክ ይመቻል፣ እነዚህ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ ይሁን (ፎርማት ማድረግ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማደራጀት ነው)። ትልቅ ፍላሽ አያስፈልግም፤ 4 ጊጋባይት በ64 ኪሎቢት ከ130 ሰዓት በላይ ይይዛል።

አሁን ወደ ምዕራፍ ቅደም ተከተሉ። ብዙ ርካሽ ማጫወቻ በፋይል ስም አይደረድርም፤ የሚያጫውተው ፍላሹ ላይ ቀድሞ የተጻፈውን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ 01፣ 02፣ 03 ተብለው በሥርዓት የተደረደሩት ምዕራፎች ሬዲዮው ላይ የሚዘበራረቁት ለዚህ ነው። ምዕራፎቹን መርጠው 07 ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ከገለበጡ 07 ቀድሞ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ፎልደሩን በስም ይደርድሩ፣ 01ን አንድ ጊዜ ይጫኑ፣ ሁሉንም ለመምረጥ ኮንትሮልንና «ኤ» (A) የሚለውን ፊደል አብረው ይጫኑ፣ ራይት ክሊኩን እዚያው 01 ላይ አድርገው «ኮፒ» ይበሉ፣ ከዚያ ባዶ ፍላሽ ላይ «ፔስት»። ፍላሹ ላይ የቀድሞ ዘፈን ካለ መጀመሪያ ፎርማት አድርገው ያጽዱት፤ የተሰረዙ ፋይሎች የተዉትን ክፍተት አዲሶቹ ስለሚሞሉት ተራው እንደገና ይዛባል። ስሞቹ በ1፣ 2፣ 10 ከተጻፉ ደግሞ በስም የሚደረድር አንዳንድ ማጫወቻ 10ን ከ2 ያስቀድማል፤ 01፣ 02 ብለው ይቀይሯቸው።

ሲጨርሱ ፍላሹን መንጭቀው አያውጡ። የመገልበጫው መስመር ጠፋ ማለት መጻፉ አለቀ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ታች በቀኝ በኩል ያለችውን የፍላሽ ምልክት ተጭነው «ኢጀክት» ይበሉ። ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ከሆኑ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት መገልበጥ አይጀምሩ፤ መሀል ላይ ከጠፋ የሚበላሸው አንድ ምዕራፍ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ከካፌ የተመለሰ ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሮቹ ትንሽ ቀስት ያለባቸው የአንድ ሁለት ኪሎባይት ምልክቶች ሆነው ከታዩ ሾርትከት ቫይረስ ነው። አይጫኗቸው። መጽሐፉ ብዙውን ጊዜ ተደብቆ ነው እንጂ አልጠፋም፤ መጀመሪያ በአንቲቫይረስ ያስፈትሹት፣ ቀጥሎ «ቪው» ውስጥ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ያብሩና ምዕራፎቹ ደብዘዝ ብለው ከታዩ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጠው ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ።