ካርትሬጅ ማስሞላት ወይስ አዲስ መግዛት? የድሬዳዋ ኮፒ ቤት ስሌት

ስሌቱን በ12ኤ ካርትሬጅ (የፕሪንተር ቀለም መያዣ) እንሥራው። ኤች.ፒ. 1020 እና ኤም1005 የተባሉት ሌዘር ፕሪንተሮች የሚሠሩት በእሱ ነው፤ ቺፕም ስለሌለው ለመሙላት ይመቻል።

2000 ገጽ ያትማል የሚባለው ከገጹ 5 በመቶው ብቻ ሲጠቁር ነው። የኤም1005 ክዳን ተከፍቶ መታወቂያ ኮፒ ሲደረግ ግን ዙሪያው በሙሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ያ ጥቁር ሁሉ ቶነር፣ ማለትም የፕሪንተሩ የዱቄት ቀለም ነው። ክዳኑን ዝጉት፤ ከዚህ የሚቀልል ቁጠባ የለም።

ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት። ለምሳሌ ኦሪጅናሉ 2400 ብር፣ ኦሪጅናል ያልሆነው አዲስ 700፣ 100 ግራም ቶነር 300፣ ድራም (ቶነሩን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ሲሊንደር) 350፣ ድራሙን የሚጠርገው ላስቲክ 100 ብር ነው እንበል። ኦሪጅናሉ በገጽ 1 ብር ከ20 ሳንቲም ይመጣል፤ ሌላው አዲስ 35 ሳንቲም። ሦስት ጊዜ ሞልታችሁ ድራሙንና ላስቲኩን አንዴ ብትቀይሩ 1350 ብር ታወጣላችሁ። በእያንዳንዱ ሙሌት 1800 ገጽ ብቻ ቢወጣ እንኳ 5400 ገጽ ነው፤ በገጽ 25 ሳንቲም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሙሌቱን ከኦሪጅናሉ ጋር ብቻ ያወዳድራል። ከርካሹ አዲስ ጋር ያለው ልዩነት 10 ሳንቲም፣ በሺህ ገጽ 100 ብር ነው። በወር 300 ገጽ ለሚያትም ቢሮ 30 ብር ለማትረፍ እጅን ማጥቆር አያዋጣም። በቀን 300 ለሚያትም ኮፒ ቤት ግን በደንብ ያዋጣል።

አሞላሉ እንዲህ ነው። በሁለቱ ጎን ያሉትን ፒኖች በፒንሳ ስባችሁ ካርትሬጁን ለሁለት ክፈሉት፤ ትንሿ ስፕሪንግ እንዳትጠፋ። ድራሙን አውጥታችሁ ወዲያው በጥቁር ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ብርሃን ያበላሸዋል፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። የላስቲኩን ሁለት ብሎኖች ፈትታችሁ ከሥሩ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ቶነር በሙሉ አራግፉ። ይህን የሚዘሉ አሉ፤ ቋቱ ሲሞላ ወደ ወረቀቱ ይፈስሳል። ቆሻሻውን መልሶ መሙላትማ ፈጽሞ አይሞከርም፤ የወረቀት ብናኝ አለበት። በሌላኛው ክፍል የጎኑን ክዳን ስትፈቱ የቶነሩ ውታፍ ይታያል። የቀረውን አሮጌ ቶነር ደፍታችሁ ለ12ኤ የተሠራውን 100 ግራም ጨምሩ፤ የተለያየ ቶነር ሲደባለቅ ገጹ ግራጫ ይሆናል። አዲስ ላስቲክና ድራም ስትገጥሙ ጥቂት ቶነር ነስንሱባቸው፤ ደረቅ ከሆኑ ላስቲኩ ይገለበጣል።

ልብስ ላይ የፈሰሰ ቶነር በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ሙቅ ውሃ ያጣብቀዋል። ጠርሙሱንም ቀትር ላይ ተዘግቶ በሚውል የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ቶነሩ ይጓጉላል።

ሞልታችሁ ስታትሙ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ከታየ ላስቲኩ ወይም ድራሙ ተጭሯል። አንድ ነጥብ በገጹ ላይ እየተደጋገመ ከመጣ በማስመሪያ ለኩት፤ በየ75 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ጥፋቱ የድራሙ ነው፣ በየ38 ገደማ ከሆነ ደግሞ ድራሙን የሚነካው ጥቁር የጎማ ሮለር ነው። ሮለሩን በውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ መልሳችሁ ግጠሙት።