የሳተላይትንና የምድር መሣሪያን ልኬት ሲያጣምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሳተላይት ቁልቁል የሚመለከት መሣሪያ የከባቢ አየሩን መካከለኛና የላይኛ ክፍል በጥሩ ሁኔታ ቢለካም ወደ መሬት በተጠጋ ቁጥር ልኬቱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከመሬት ሽቅብ የሚመለከተው የማይክሮዌቭ ራዲዮሜትር፣ ማለትም አየሩ የሚያመነጨውን የማይክሮዌቭ ጨረር የሚለካው መሣሪያ፣ ደግሞ በታችኞቹ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ጠንካራ ሆኖ ከዚያ በላይ ይዳከማል። ስለዚህ የሙቀትንና የእርጥበትን ፕሮፋይል፣ ማለትም በየከፍታው ያለውን መጠን፣ ለማግኘት ሁለቱን ማጣመር ተገቢ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ማጣመር ማለት የሁለቱን አማካይ መውሰድ ሲመስለን ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የከፍታ ብዛት እንደ ልኬት ብዛት መቁጠር ነው። ሜቶፕ በተባሉት የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ላይ የተጫነው ኢያዚ የተባለ የኢንፍራሬድ መሣሪያ 8,461 ቻናሎች፣ ማለትም ለየብቻ የሚለካቸው የሞገድ ክፍሎች፣ አሉት፤ ከእነዚህ የሚወጣውም ፕሮፋይል ወደ 100 በሚጠጉ ከፍታዎች ተከፋፍሎ ይቀርባል፤ ነገር ግን ቻናሎቹ የሚያዩት እርስ በርሱ የተደራረበ ንብርብር በመሆኑ ራሱን የቻለው መረጃ ከዚህ ቁጥር እጅግ ያነሰ ነው። የምድሩ ራዲዮሜትር ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል፤ ስለ ሙቀት የሚሰጠው ነፃ፣ ማለትም ራሱን የቻለ፣ መረጃ በቁጥር ከአራት ብዙም አይበልጥም፣ ስለ እርጥበት ደግሞ ወደ ሁለት ይጠጋል። የቀረው የፕሮፋይሉ መስመር በቅድመ ግምት፣ ማለትም ልኬቱ ከመታየቱ በፊት ለስሌቱ መነሻ በሚሰጠው ግምት፣ የተሞላ ነው። በዚህ ምክንያት በፊኛ የሚላከውን የራዲዮሶንድ ዝርዝር ልኬት ከእንዲህ ዓይነቱ ለስላሳ ፕሮፋይል ጋር በቀጥታ ማነጻጸር አይገባም። መጀመሪያ ከራዲዮሶንዱ ልኬት ላይ ቅድመ ግምቱን መቀነስ፣ ልዩነቱን በመሣሪያው አቨሬጂንግ ከርነል፣ ማለትም በየከፍታው ያለው እውነተኛ ለውጥ በፕሮፋይሉ ላይ ምን ያህል እንደሚታይ በሚገልጸው ሠንጠረዥ፣ ማባዛት፣ ከዚያም ቅድመ ግምቱን መልሶ መደመር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው፣ ያንኑ ቅድመ ግምት ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። የከፋ የሚያደርገው ውጤቱ የሚያምር መሆኑ ነው። ሁለቱም ፕሮፋይሎች ከአንድ የአየር ንብረት አማካይ ተነስተው የተሰሉ ከሆነ፣ በየስህተታቸው መጠን መዝነው ሲያዋህዷቸው ያ የጋራ መነሻ እንደ ሁለት ነፃ ምስክር ይቆጠራል፤ የተሰላውም የስህተት መጠን ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይወጣል። ቅድመ ግምቱ ከትንበያ ሞዴል የተወሰደ ከሆነ ደግሞ ሞዴሉ ቀድሞውኑ የኢያዚን መረጃ ወስዶ ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱ ልኬት በሁለት በር ይገባል። መፍትሔው ያለቁ ፕሮፋይሎችን ከማቀላቀል ይልቅ የሁለቱን መሣሪያዎች ጥሬ የጨረር ልኬት በአንድ ስሌት ውስጥ አስገብቶ አንድ ቅድመ ግምት ብቻ መጠቀም ነው። ያለቀ ፕሮፋይል ብቻ ያለው ሰው ከርነሉንና መነሻ ግምቱን ከፋይሉ አውጥቶ፣ ከመቀላቀሉ በፊት የግምቱን ድርሻ መቀነስ ይኖርበታል።

ሦስተኛው የቦታና የሰዓት ስህተት ሲሆን በእኛ አገር ልዩ መልክ ይይዛል። የኢያዚ አንድ እይታ በቀጥታ ከሥሩ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ስፋት ሲኖረው በዚያው ሳተላይት ላይ ያለው ኤኤምኤስዩ ኤ የተባለ የማይክሮዌቭ መሣሪያ እይታ ወደ 48 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ስፋት ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከእንጦጦ ጀምሮ ወደ 2,100 ሜትር እስከሚወርደው የአቃቂ ሜዳ ድረስ በአንድ ቁጥር ይጠቀልላል። አብዛኛው የውኃ ተን በታችኛው አየር ውስጥ ስለሚገኝ የጥቂት መቶ ሜትሮች የከፍታ ልዩነት በጠቅላላው የተን መጠን ላይ ጉልህ ለውጥ ያመጣል፤ ይህንን ሳያርሙ ሳተላይቱን እርጥብ፣ የምድሩን መሣሪያ ደረቅ ብሎ መፍረድ ትክክል አይደለም። ስለ ሰዓትም ቢሆን፣ የሳተላይት ፋይል በዓለም አቀፍ ሰዓት 06:30 ሲል በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3:30 ነው። ሦስት ሰዓት ደምሮ 9:30 ያገኘ ተማሪ ይህንኑ በማስታወሻ ደብተሩ በኢትዮጵያ ሰዓት ከመዘገበው የምድር ልኬት ጋር ካጣመረ ስድስት ሰዓት ይሳሳታል። በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ማለዳ መሬት ላይ ተኝቶ የነበረው ቀዝቃዛ አየር በፀሐይ ሞቆ ወደ ላይ ስለሚቀላቀል የሚነጻጸሩት ሁለት የተለያዩ አየሮች ናቸው።

ደመናን መርሳትም አለ። ኢንፍራሬድ ወፍራም ደመናን አያልፍም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ዓይነት በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ስፔክትሮሜትርም (ብርሃንን በየሞገድ ርዝመቱ ከፋፍሎ የሚለካ መሣሪያ) ፀሐይ ካላየ አይለካም። እነዚህን አጣምሮ የሐምሌን አማካይ ያወጣ ሰው ያገኘው የሐምሌን ጥርት ያሉ ሰዓታት አማካይ ነው፤ ይህንንም በግልጽ መጻፍ አለበት። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የማይክሮዌቭ ራዲዮሜትሩ ሽፋን ስለሚረጥብ ልኬቱ ወደ ላይ ይዛባል፤ በዝናብ ጠቋሚው ምልክት የተደረገባቸው ደቂቃዎች፣ ሽፋኑ እስኪደርቅ ያለው ጊዜም ጭምር፣ መውጣት አለባቸው።

የመጨረሻው ስህተት ማረሚያውንና መመዘኛውን ከአንድ ምንጭ መውሰድ ነው። የመሣሪያዎቹን ቋሚ መዛባት በራዲዮሶንድ ካስተካከሉ በኋላ በዚያው ራዲዮሶንድ ውጤቱን ቢፈትኑ መስማማቱ አይቀሬ ነው። ከዚህም በላይ አንዳንድ የራዲዮሶንድ ዓይነቶች ቀን ላይ የእርጥበት መለኪያቸው በፀሐይ ስለሚሞቅ ከእውነተኛው ደረቅ አድርገው ያነባሉ፤ ፊኛውም ሲወጣ በነፋስ በአሥርታት ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። በመሆኑም ከፊኛ ልኬቶቹ የተወሰኑትን ገና ከመጀመሪያው ለይቶ፣ በማረሚያው ሥራ ውስጥ ሳያስገቡ፣ ለፈተናው ብቻ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።