ፈትቼ ልግጠመው ብላችሁ አሮጌ ፔይንትቦል ስትገዙ

ጋራዤ ውስጥ መኪና ገብቶ አያውቅም። በቦታው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራትና ሦስት ያረጁ የፔይንትቦል ጠመንጃዎች፣ ማለትም በጋዝ ግፊት የቀለም ኳስ የሚተኩሱ የጨዋታ ጠመንጃዎች፣ አሉ። ሁለቱ ይሠራሉ። ሦስተኛው የወረቀት መጫኛ ሆኗል፤ ታሪኩን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ተጫዋች አይደለሁም፤ ጉልበቴም አይፈቅድም። ነገሩ የጀመረው እዚህ ቨርጂኒያ ልጄን ለጓደኛው ልደት ሜዳ ይዤው የሄድኩ ቀን ነው። እሱ ከጓደኞቹ ጋር ሲታኮስ፣ እኔ ኪራይ መስጫው ጀርባ የተበላሹትን የሚጠግነውን ወጣት ቆሜ ሳይ ዋልኩ። አንዱን ጠመንጃ እንደ መጽሐፍ ገለጠው። ውስጡ ጥቂት ሞላ፣ ጥቂት ብረት፣ ጥቂት ጎማ። "በቃ ይኸው ነው?" አልኩት። ይኸው ነበር። አሁን የአገር ልጆች ፎቶ እየላኩ "ጋሼ፣ ይኼን በ50 ዶላር አገኘሁት፣ ልውሰደው?" ይሉኛል። መልሱን አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ሻጮች "ማርከር" (ምልክት ማድረጊያ) ሲሉ ግራ አትጋቡ፤ ያው ጠመንጃው ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለጨዋታ አልነበረም። የደን ሠራተኞች ዛፍ፣ ከብት አርቢዎች ከብት በቀለም ምልክት የሚያደርጉበት ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ 12 ሰዎች ይዘውት ጫካ ገቡና ባንዲራ መሰብሰብ ተጫወቱበት። ጨዋታው ከዚያ ተስፋፋ፣ ስሙ ግን አልለቀቀም።

አሠራሩን መጀመሪያ ጨብጡ። ምላጩን ስትስቡ ሲር የምትባል ትንሽ ጥርስ መዶሻውን ትለቀዋለች። መዶሻው በሞላ ተገፍቶ ቫልቩን ይመታል። ቫልቩ ለቅጽበት ጋዝ ይለቃል። ከፊሉ ጋዝ ኳሱን ያስወነጭፋል፣ ከፊሉ መዶሻውን ወደ ኋላ መልሶ ሲሯ ላይ ያስቀምጠዋል። ይህ ብሎውባክ ይባላል። ይህችን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሻጭ በቀላሉ አይሸውዳችሁም።

የትኛውን ልግዛ ለምትሉኝ፣ ቲፕማን 98። ብዙ ሜዳዎች ለኪራይ ይጠቀሙበት ስለነበር መለዋወጫው ዛሬም ሞልቷል። አካሉ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተያያዘ ነው፤ ብሎኑን ፈታችሁ ግማሹን ስታነሱ ሁሉም ነገር በየቦታው ተኝቶ ታዩታላችሁ። ለመማር እንደዚህ ያለ ነገር የለም። ስፓይደርም አይከፋም፤ ሁለት ቱቦ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ ነው፣ ርካሽም ነው። አውቶኮከር የሚሉት ደግሞ አለ። ፊቱ ላይ ትንንሽ ቱቦና ፒስተን የተደረደረበት፣ መቼ እንደሚከፍትና መቼ እንደሚዘጋ አንድ በአንድ በእጅ የሚስተካከል። ሲያዩት ያምራል። ግን አደራ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይሁን።

ኤሌክትሮኒክሱን ተዉት። ያ የወረቀት መጫኛዬ ኤሌክትሮኒክስ ነው። በዘመኑ ውድ ነበር፤ ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሻጩም "ባትሪ ብቻ ነው የሚፈልገው" አለኝ። ባትሪ ገዛሁለት። ቦርዱ ሞቷል። ምትኩን ብፈልግ ብፈልግ ማንም አይሠራውም። ብረት ቢሰበር ይበየዳል፣ ይሞረዳል፣ ከሌላው ይነቀላል። ቦርዱ የሞተበት ጠመንጃ ግን ቢያብረቀርቅም ብረት ብቻ ነው።

እንግዲህ ሻጩ ፊት ቆማችኋል። መጀመሪያ የብሎኖቹን ራስ እዩ። እኔ ስልኬን መብራት አድርጌ አንድ በአንድ ነው የማያቸው። የብሩጎላ ቁልፍ የሚገባበት ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ጠርዙ ስለታም ከሆነ፣ ወይ ተከፍቶ አያውቅም ወይ የከፈተው ሰው ልኩን ያውቃል። ቀዳዳው ከከበበና ዙሪያው ከተጫጫረ ግን አንድ ሰው በማይሆን ቁልፍ ታግሎታል። ብሎን ላይ የታገለ ሰው ውስጡም ታግሏል። መኪና ላይም እንደዚሁ ነው። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሲመርጡ ያደጉ አጎቴ ዕቃውን ገልብጠው ብሎኑን ሳያዩ ዋጋ አይጠይቁም ነበር።

ከዚያ በርሜሉን ፈትታችሁ በውስጡ ወደ ብርሃን እዩ። ተጋግሮ የደረቀ ቀለም አያስፈራም። የኳሱ ልባስ ጄላቲን ነው፣ የውስጡም ቀለም በውኃ የሚለቅ ነው፤ ለብ ባለ ውኃ ይጸዳል። የተጫረ ወይም የጎደጎደ በርሜል ግን ኳስ ይሰብራል። በርሜሉና ጋዝ የሚይዘው ጋን ተጠምዝዘው የሚገቡበትን ጥርስ በጥፍራችሁ ዳስሱ። የተበላ ጥርስ ካለ በጨዋ ደንብ አመስግናችሁ ሂዱ። መጨረሻ ላይ ያለ ጋዝ፣ መዶሻውን የሚጎትተውን መቆለፊያ ወደ ኋላ ሳቡና ከዚያ ምላጩን ሳቡ። "ቀጭ" ብሎ መያዝ፣ ሲለቀቅም "ጧ" ማለት አለበት። ተስቦ የማይዝ ከሆነ ሲሯ ተበልታለች ወይም ሞላዋ ጠፍታለች፤ ርካሽ ዕቃ ስለሆነች ለመደራደሪያ ትጠቅማለች።

"ኦሪንግ ብቻ ነው የሚፈልገው" ይሏችኋል፤ ጋዝ እንዳያልፍ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን ኦሪንግ ሳንቲም ነው፤ ሳንቲም ብቻ ከፈለገ ለምን ራሱ አልቀየረውም? ፈገግ ብላችሁ ይህንኑ ጠይቁት። እኔ የመጀመሪያውን በ60 ተጠርቶልኝ በ35 የወሰድኩት በዚች ጥያቄ ነው።

አሁን ረጋ በሉ፤ ጋኑ ላይ ደረስን። ጠመንጃው ሰው አይገድልም፣ ጋኑ ግን ይችላል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋን በክፍል ሙቀት 850 ፒኤስአይ ገደማ ግፊት ይይዛል። የመኪናችሁ ጎማ 35 ቢሆን ነው። የታመቀ አየር የሚሞላው ጋን ደግሞ 3000 ወይም 4500 ይደርሳል። ስለዚህ ትከሻው ላይ የተቀረጸውን ወርና ዓመት ፈልጉ። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አንድ ወዳጄ በእኛው ቆጥሮ "ገና ነው" ብሎኝ ነበር። አብዛኞቹ ጋኖች በየ5 ዓመቱ በውኃ ግፊት መፈተሽ አለባቸው። ቀኑ ያለፈበትን ሥራውን የሚያውቅ ሱቅ አይሞላላችሁም። በካርቦን ፋይበር የተጠቀለሉት ደግሞ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው 15 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ቢያምሩም ጡረታ ናቸው። እኔ ከአሮጌ ጠመንጃ ጋር የሚመጣን ጋን ዋጋ አልሰጠውም። ጋን አዲስ ይገዛል፣ አለቀ።

አዲሱንም ቢሆን ይህችን አድርጉ። ጋኑ አፍ ላይ የተጠመዘዘው ቫልቭና ጋኑ በሚገናኙበት ላይ ከላይ ወደ ታች አንድ ቀጭን መስመር በቀይ ኩቴክስ አስምሩ። የባለቤቴን ነው የወሰድኩት፣ ይቅር ብላኛለች። ጋኑን ከጠመንጃው ስታወጡ መስመሩን እዩ። ሁለቱ ግማሾች አብረው ከዞሩ ሰላም ነው። መስመሩ ለሁለት ከተከፈለ ቫልቩ ከጋኑ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ እዚያው አቁሙ። አትፍቱ፣ አታጥብቁ፣ ወደ ሰው አታዙሩት፤ ሙያው ላለው ሰው ስጡት። ቫልቩ ተፈትቶ የወጣበት ጋን እንደ ሮኬት ነው የሚወረወረው፣ በዚህ የሞቱ ሰዎችም አሉ።

ቤት ገብታችኋል። ጋኑን አውጡ፣ በርሜሉን ወደማይጎዳ አቅጣጫ አድርጋችሁ የቀረውን ጋዝ ተኩሳችሁ ጨርሱት፣ መዶሻው ወደ ፊት ይሁን። ሳትነኩት ፎቶ አንሱት። ቁልፋችሁ በኢንች የሚለካ ብሩጎላ ይሁን፤ የሚሊሜትሩ የገባ ይመስልና ብሎኑን ይበላዋል። ቲፕማኑን አግድም አስተኝታችሁ ብሎኖቹን ፍቱ፣ የላይኛውን ግማሽ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ሌላ ፎቶ። ከኋላ ያለው ሞላ ስለሚወጠር አውራ ጣታችሁን ሳታስደግፉ አትልቀቁት። የኔ ማቀዝቀዣው ሥር ገብቶ ሦስት ቀን ፈልጌዋለሁ።

ዕቃዎቹን በወጡበት ተራ አስቀምጡ። መጀመሪያ ጊዜ ስድስት ሲኒ ደርድሬ አንድ በአንድ ጨመርኩባቸው። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ስትመጣ "እረ በማርያም!" አለች። ኩቴክሱን ይቅር ያለች ሴት ሲኒውን አላለችም። አሁን ባዶ የእንቁላል ካርቶን ነው የምጠቀመው።

ጋዝ የሚያፈስበትን ቦታ ለማግኘት ከጎሚስታ የተሻለ አስተማሪ የለም። ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይፈልግ የለ? እናንተም መልሳችሁ ገጥማችሁ፣ ጋኑን አስገብታችሁ፣ ሳሙና ያለበት ውኃ በብሩሽ ቀቡት። ማስክ አድርጉ። ጋኑ ከሚገባበት "ሽሽሽ" ካለ ጥፋተኛው የጋኑ ኦሪንግ ነው፤ መጠኑ 015 ነው፣ ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ግዙ። ተራው ጥቁር ጎማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኘው ያብጣል። ድምፁ በበርሜሉ በኩል ከመጣ የቫልቩ መዝጊያ ጎማ አርጅቷል። አንዴ ተኩሶ ካልተቆለፈ የመዶሻው ኦሪንግ ደርቋል። ምላጩን አንዴ ነክታችሁት ዘጠኝ ከተኮሰ ሲሯ ተበልታለች ወይም ጋኑ ሊያልቅ ነው፤ መጀመሪያ ጋኑን ሙሉት።

ለፔይንትቦል የተሠራ ዘይት ጋኑ በሚገባበት ቀዳዳ ሦስት አራት ጠብታ ጨምሩና ኳስ ሳይኖር አሥር ጊዜ ተኩሱ። የተኛ ጎማ አንዳንዴ በዚሁ ይነቃል። ለበር ማጠፊያ የምትረጩትን ግን አታስጠጉት፤ ጎማውን ይበላል።

በመጨረሻ ፍጥነቱ ይለካል። ጣሪያው በሰከንድ 300 ጫማ ነው፣ ብዙ ሜዳዎች 280 ይላሉ። ቲፕማን 98 ላይ የፍጥነቷን ብሎን ወደ ውስጥ ስታጠብቋት ይቀንሳል፤ ስፓይደር ላይ ተቃራኒው ነው፣ እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኳስ ከመጨመራችሁ በፊት የሁሉም ሰው ፊት ማስክ ይልበስ፤ የማትተኩሱ ከሆነ ደግሞ የበርሜሉ መሸፈኛ አይለየው። መኪና ውስጥም ከረጢቱ ውስጥ ይሁን፤ ከሩቅ ላየው ሰው እውነተኛ ጠመንጃ ነው።

የኔን ሜዳው ላይ ካለው መለኪያ ፊት የወሰድኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው። የመጀመሪያው ኳስ 311 አለ። ብሎኗን ሩብ ዙር ወደ ውስጥ አስገባኋት፤ 292። ሌላ ሩብ፤ 274። እዚያው ተውኳት።